«መቼ ነው የምትጨርሰው?» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ፋሲካ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ወጥቷል፣ የልጅ ልጆች ከሳሎን ወደ ጓዳ ይሯሯጣሉ። ከቤተሰቡ የጎደለው የመጨረሻው ልጅ ብቻ ነበር። ስድስት ኪሎ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

«ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ» አሉ እናቱ። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ግን የሆዳቸውን አወጡት። «ዘመድ ሁሉ 'መቼ ነው የምትጨርሰው?' እያለ አላስቀምጥ አለው። አምና በዚሁ በዓል አጎቱ በሰው ፊት 'እኩዮችህ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ፣ አንተ ራስህ ገና ተማሪ ነህ' አለው። ከዚያ ወዲህ በዓል መምጣት ተወ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትሠሪው ንገሪኝ። ይህ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲማር ነው የቆየው? ክፍል አልገባም ይላል። ክፍል የማይገባ ተማሪ አለ?»

ጥያቄያቸው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ በየቤቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ምራት ወይም አማች አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ምን እንደሆነ ወላጅ ያውቃል፤ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለብዙ ቤተሰብ ጨለማ ነው። በዚህ ጨለማ ውስጥ ነው ልጅና ወላጅ የሚቀያየሙት። ስለዚህ ምርምር የሚሠራ ተማሪ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ፣ ምን ድጋፍና ዕድል እንዳለው፣ ከቤትስ ምን እንደሚፈልግ እንመልከት።

ክፍል የማይገባ ተማሪ

ሁለተኛ ዲግሪ በመደበኛው ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የክፍል ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ሦስተኛ ዲግሪ፣ ማለትም ዶክትሬት፣ ለአራት ዓመት ያህል ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ መቆየት ግን በእኛም አገር በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው።

ለምን ይረዝማል? ተማሪው መጀመሪያ ማንም በአግባቡ ያልመለሰው ጥያቄ ማግኘት አለበት። ያንን ለማወቅ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ያነባል፤ ይህ ብቻውን ወራት ይፈጃል። ቀጥሎ ምን፣ የትና እንዴት እንደሚያጠና የሚያሳይ ፕሮፖዛል ጽፎ በመምህራን ፊት ቀርቦ ይከራከራል። ጥናቱ ሰውን የሚነካ ከሆነ፣ ደም የሚቀዳም ይሁን ቃለ መጠይቅ የሚደረግበት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሲወጣ ወደ መስክ ወይም ወደ ላቦራቶሪ ይገባል። እዚያ ደግሞ ዝናብ ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ኬሚካል ከውጭ እስኪገባ ወራት ይጠበቃል፣ መሣሪያ ይበላሻል። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ መተንተን አለ፤ መጻፍ አለ፤ በሳይንሳዊ መጽሔት ማሳተም አለ። መጽሔቱ ጽሑፉን ለሌሎች ባለሙያዎች ልኮ እስኪያስመረምር ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ «አስተካክለህ ላክ» ብሎ መመለሱም ያለ ነው። በመጨረሻ ከሌላ ተቋም የመጣ ፈታኝ ባለበት ሥራውን ይከላከላል፤ የተሰጠውን እርማት አስገብቶም ነው የሚጨርሰው።

ሸማኔ ድሩን ሲያደራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ድር በሚደራበት ቀን ለዓይን የሚሞላ ጨርቅ የለም። ያ ቀን ባይኖር ግን ጋቢው አይኖርም።

የጎረቤቴ ልጅ የሚያጠናው በርበሬ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ወይም እርጥበት ባለበት ቦታ የተቀመጠ በርበሬ ላይ ሻጋታ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ልጁ ከየገበያው ናሙና እየሰበሰበ መርዙን ይለካል፤ የትኛው አደራረቅና አቀማመጥ እንደሚሻል ያነጻጽራል። ይህን ስነግራቸው እናቱ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «በርበሬ? እኔ በርበሬ ሳሰጣ አይደል እንዴ ያደገው! እኔን ለምን አይጠይቀኝም?»

ከእናቶች ማጠቢያ ድንጋይ የተነሣ ምርምር

መጠየቅስ ነበረበት። በአገራችን ስሙ ከሚጠራ ምርምር አንዱ የተጀመረው እናቶች ልብስ ሲያጥቡ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የብልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ላይ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የብልሃርዚያን ተውሳክ የሚያሳድጉት እነዚያ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ ልብስ እንደሚያጸዳ አያቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አክሊሉ ደግሞ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አስተዋሉ፤ ከዚያም ለዓመታት በላቦራቶሪና በመስክ ፈተኑት። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በእንዶድ ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን የያዘ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚሠሩ ተማሪዎች በዚያ ይመራመራሉ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ወንዙ ዳር የታየው የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ማረጋገጡ ግን ዓመታት ወሰደ። ልጃችን «ገና ነኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ማረጋገጡ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ምን ይሰጣል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ማስተማር ጀመረ። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ የሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ከፍ ያለ ዲግሪ የፈለገ ሰው አገር ለቆ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ግን ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ እስከ ዶክትሬት ያደርሳሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ስለሆነ፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ለመግባት ሲያስቡ የቆየውን ወሬ ሳይሆን የወቅቱን የመግቢያ መስፈርትና የክፍያ ሁኔታ ከራሱ ከሬጅስትራሩ መጠየቅ ይበጃል።

ለተመራማሪ ተማሪ የመጀመሪያው ድጋፍ አማካሪው ነው። አማካሪ ርዕስ ያጠራል፣ ረቂቅ ያነባል፣ ስህተት ያርማል፣ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ያገናኛል። ጥሩ አማካሪ ያገኘ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ሥልጠና ነው። በየትምህርት ክፍሉ የምርምር ዘዴ ኮርስ አለ። ከዚያ ውጭ በተለያየ ጊዜ አጫጭር ሥልጠናዎች ይዘጋጃሉ፦ እንደ ኤስፒኤስኤስና ስታታ ባሉ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች መሥራት፣ ለሳይንሳዊ መጽሔት መጻፍ፣ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ማዘጋጀት፣ ማጣቀሻ ማደራጀት። ብዙ ተማሪ ማስታወቂያው የሚያመልጠው ወይ ከትምህርት ክፍሉ ስለራቀ፣ ወይ በሥራ ስለተወጠረ ነው። «በዚህ ወር ሥልጠና አለ?» ብሎ ቢሮውን የሚጠይቅ ተማሪ ያገኛል።

ሦስተኛው መጽሐፍና መረጃ ነው። ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በዚያው ግቢ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል። ታሪክ፣ ቋንቋና ባህል ለሚያጠና ሰው ይህ ተቋም ሀብት ነው። የውጭ መጽሔቶች በዶላር የሚሸጡና ውድ ናቸው፤ ነገር ግን ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም እንደ እኛ ያሉ አገሮች ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያነቡ ተፈቅዷል። ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ ይባላል። ተማሪው የመግቢያውን ቁልፍ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጠየቅ ብቻ ነው ያለበት። ቀደም ያሉ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም በዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠው ማንም ያነባቸዋል።

አራተኛው የሥራ ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሌለ ላቦራቶሪ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ለሕክምናና ለባዮሎጂ ተማሪዎች፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ ደግሞ ለግብርናና ለእንስሳት ጤና ተማሪዎች የመመረቂያ ምርምር መሥሪያ ሆነው አገልግለዋል። ከዓለም ባንክ ጋር በተያያዘ ፕሮጀክት የተቋቋሙ የልህቀት ማዕከላትም አሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመድኃኒት ፍለጋ፣ የውሃ አስተዳደርና የባቡር ምሕንድስና፣ ሐረማያ ደግሞ የአየር ንብረትን ያገናዘበ ግብርና ማዕከል ተቋቁሟል።

የገንዘቡ ነገር

ወላጅን የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው። የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሠላሳን የተጠጋ ወይም ያለፈ፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ምናልባትም ልጅ ያለው ሰው ነው።

በርካታዎቹ የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ መሥሪያ ቤታቸው ደመወዛቸውን እየከፈለ ይልካቸዋል፤ ሲመለሱ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል ውል ይፈርማሉ። ይህን ውል ቤተሰብ ማወቅ አለበት። «ሲጨርስ ውጭ ይሄዳል» ብለን ስናቅድ ልጁ ግዴታ ፈርሞ ሊሆን ይችላል።

በግል የገቡ ደግሞ ክፍያውንም የምርምሩንም ወጪ ራሳቸው ይሸከማሉ። የምርምር ወጪ ሲባል ትራንስፖርት፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ ኬሚካል፣ ኅትመት ማለት ነው። ለዚህ የዩኒቨርሲቲ አነስተኛ የምርምር ድጋፍ፣ አማካሪው የያዘው ፕሮጀክት፣ ወይም የውጭ ድጋፍ ይፈለጋል። የጀርመኑ ዳድ በአፍሪካ ውስጥ ለሚማሩም ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል። መቀመጫው ጣሊያን ትሪየስት የሆነው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለዶክትሬት ተማሪ ሴቶች ድጋፍ ያደርጋል። የስዊድን መንግሥትም ለአሥርት ዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ሲደግፍ፣ ብዙዎች «ሳንድዊች» በሚባለው ዓይነት ተምረዋል፤ ይህም ተማሪው አገሩ እየኖረ ለተወሰኑ ወራት ውጭ ሄዶ ላቦራቶሪ ሠርቶና ተምሮ የሚመለስበት ነው። ሳንድዊች ለቤተሰብ የሚመች መንገድ ነው፤ ትዳርም ልጅም አይበተንም፣ ምርምሩም የአገሩን ችግር አይለቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እውነተኛ ስኮላርሺፕ የሚፈለገው ከሰጪው ድርጅት ወይም ከዩኒቨርሲቲው ነው። «ሃምሳ ሺህ ብር አስገቡና ስኮላርሺፑን እኔ አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ሲመጣ ወላጅ ወርቁን ከመሸጡ በፊት ልጁ ከትምህርት ክፍሉ ያጣራ።

ሌላው ፈተና፦ «ጽሑፍ እንሠራለን»

በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን አይታችሁ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚጽፉ አሉ። ወላጅ ልጁ ሲቸገር አይቶ «ታዲያ ከፍለን አይጨርስም?» ሊል ይችላል። ከቸርነት የመጣ ቃል ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የተቀዳ ጽሑፍ በኮምፒውተር ያጣራሉ፤ በፈታኝ ፊት ያልሠሩትን መከላከል አይቻልም። ቢታለፍም እንኳ ያ ሰው ነገ የሰውን ደም የሚመረምር፣ ድልድይ የሚፈትሽ፣ የሌላውን ልጅ የሚያስተምር ነው። ገንዘብ ካለን ለመረጃ ሰብሳቢ፣ ለትራንስፖርት፣ ቋንቋ ለሚያርም ሰው እንክፈል፤ ይህ የተፈቀደና የሚጠቅም ነው። ገንዘብ ተቀብለው ያገኙትን ሁሉ ሳይመረምሩ የሚያትሙ መጽሔቶችም አሉ፤ ልጁ ለማሳተም ከመክፈሉ በፊት አማካሪውን ይጠይቅ።

ሴት ልጅ ስትሆን

ወንዱን «መቼ ትጨርሳለህ?» የሚል ዘመድ ሴቷን «መቼ ታገቢያለሽ?» ይላታል። አግብታ ከሆነ ደግሞ መስክ ስትወጣ «ልጆቹን ማን ይይዛል?» ይባላል። የመስክ ሥራ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቤት መራቅ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ አያት ያላት ድርሻ ትልቅ ነው። ከትምህርቱ አንድ ፊደል ሳታነብ፣ ሕፃኑን ይዛ ያቺን ሦስት ሳምንት የምትሰጥ አያት የዚያ ዶክትሬት ባለድርሻ ናት። የመመረቂያ ጽሑፍ የምስጋና ገጽ ተከፍቶ ቢነበብ ከአማካሪው ቀጥሎ የሚመጣው ስም አብዛኛውን ጊዜ የእናት ነው።

ሲከብደው እንዴት እናውቃለን?

ምርምር ብቸኛ ሥራ ነው። አማካሪ ረቂቁን ወራት ይዞ ሳይመልስ ሊቆይ ይችላል፤ ናሙና ይበላሻል፤ የሁለት ዓመት ልፋት «ውጤት የለውም» ሊባል ይችላል። ተማሪው እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ስልክ ማንሳት ከተወ፣ «እኔ ለምንም አልሆንም» ማለት ካበዛ ስንፍና ነው ብለን አንለፈው። ዩኒቨርሲቲዎች የምክር አገልግሎትና ክሊኒክ አላቸው፤ ጸበሉም ጸሎቱም ሳይቀር ሐኪም ማማከርን ደግሞ አብሮ ማድረግ ነውር አይደለም። ከአማካሪው ጋር መግባባት ካቃተውም መንገድ አለ፤ ጉዳዩን በጽሑፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለድኅረ ምረቃ ቢሮ ማቅረብ፣ ተጨማሪ አማካሪ ወይም የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ተማሪ ግን «ይቀየመኛል» ብሎ ዝም ይላል። ከቤት «ጠይቅ፣ መብትህ ነው» የሚለው ሰው ሲያገኝ ይበረታል።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ጥያቄውን እንለውጥ። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ልጁ ራሱን ሌሊት ሌሊት የሚጠይቀው ነው፤ እኛ ስንደግመው መልስ አይጨምርም። «አሁን የትኛው ላይ ደረስህ? ቀጥሎ ምን አለ?» ብንል ግን ደረጃ በደረጃ ያስረዳናል፤ እኛም እንረዳለን።

ሁለተኛ፣ ጊዜ እንስጠው። ለቅሶውም ሠርጉም ማኅበሩም «አንተ ሥራ የለህም» ተብሎ በእርሱ ላይ እንዳይወድቅ። ቤት ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር የሚያይ ሰው ሥራ ላይ ነው። ቢቻል አንድ በር የሚዘጋ ክፍል፣ ካልተቻለም ልጆች የማይረብሹበት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ በዘመድ ፊት እንቁምለት። አጎት ሲናገር እናት ወይም አባት «ምርምር ላይ ነው፣ በርታ በሉት» ቢሉ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

አራተኛ፣ የምናውቀውን እንስጠው። የዘር አቀማመጥ፣ የድሮ ዳኝነት፣ የመድኃኒት ቅጠል፣ የአካባቢው ስም አወጣጥ ለተመራማሪ መረጃ ነው።

የእናት ድጋፍ የት እንደሚያደርስ ለማየት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ማንሳት ይበቃል። ወለንኮሚ አካባቢ በአንዲት ጎጆ ያደጉት ገቢሳ፣ እናታቸው «ተማር» ብለው ስለጸኑ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ሄደው ሳምንቱን እየተማሩ ዓርብ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። ጅማ፣ ዓለማያ፣ ከዚያም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እናታቸው ስለ ማሽላ ዘረ መል ማወቅ አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው መነሣታቸው በቂ ነበር።

ጎረቤቴ የዚያኑ ዕለት ማታ ለልጃቸው ደወሉ። ምን እንዳሉት ኋላ ነገሩኝ። «ያ የምትለካው በርበሬ፣ መሬት ላይ የተሰጣውን ነው ወይስ ሰሌን ላይ የተሰጣውን?» አሉት። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ማውራት ጀመረ። ካርዱ እስኪያልቅ አወሩ። በዳግማ ትንሣኤ መጣ፤ ከእናቱ ጓዳም አንድ ትንሽ ላስቲክ በርበሬ ይዞ ሄደ። ስሙንና ቀኑን ላዩ ላይ ጽፎበት ነበር።

መቼ እንደሚጨርስ አልጠየቁትም።